እጅና አዋጅ

የእኛ አገር ሰው እጅ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አዋጅ ወጥቶበታል። በ2009 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሁለት ክንድን ከአናት በላይ አንሥቶ ማጣመር ተከለከለ፤ የተቃውሞ ምልክት ነው ተባለ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ መጨባበጥ ተከለከለ፤ በሽታ ያጋባል ተባለ። ሁለቱም ሐሰት አልነበሩም። የተጣመረው ክንድ ተቃውሞ ነበር፤ የተጨበጠውም እጅ በሽታ ሊያሻግር ይችል ነበር። ነገሩን ያከበደው ሁለቱንም ክልከላ ይዞ የመጣው ድምፅ አንድ መሆኑ ነው። ያው ቴሌቪዥን፣ ያው ኮስታራ ፊት፣ ያው "ተላልፎ የተገኘ ማንኛውም ሰው" የሚል ዓረፍተ ነገር። ትናንት እጅህን ብታነሣ ትታሰራለህ ያለህ አፍ ዛሬ እጅህን ብትዘረጋ ትታመማለህ ሲልህ፣ ሁለተኛውን ለማመን መጀመሪያውን መርሳት ሊኖርብህ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ብዙ ነገር ቢረሳም እስር አይረሳም።

የመጨባበጡ ነገር ግን ለወግ ይመቻል። ሰላምታ ያለ እጅ ምን እንደሚመስል ያኔ ነው ያየነው። ወጣቶቹ በክርን ተነካኩ፤ የባሰባቸው በጫማ ጫፍ ተረጋገጡ። ቢሮ አካባቢ ጡጫ ለጡጫ ማጋጨት ሥልጣኔ ሆነ። ከሁሉም ያማረባቸው ሽማግሌዎቹ ነበሩ። ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጣል ያደርጉና ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ይነሣሉ፤ ድሮም የሚያውቁት ነውና አዋጁ ለእነሱ ምንም አዲስ ነገር አላመጣም። ግራ የገባን ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት አራት ጊዜ መሳሳም የለመድነው ነን። መሀል መንገድ ላይ ተፋጥጠን፣ አንዱ መዳፉን ሲዘረጋ ሌላው ክርኑን ሲያቀርብ፣ ክርን በመዳፍ ጨብጠን የተለያየን ስንት ነን!

የኮሮና በሽታ አገር ውስጥ መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ላይ ተገኘ ተባለ። መንግሥት ገና ሳያውጅ ጉሊት አወጀች። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ ዋጋቸው በአንድ ቀን ሰማይ ወጣ። ቀጥሎ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከውጭ የሚገባ ሰው በራሱ ወጪ 14 ቀን ሆቴል ይቀመጥ ተባለ። ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘጉ። ምርጫ ቦርድ ለነሐሴ 23 ቀን የቆረጠውን ምርጫ ማካሄድ አልችልም አለ። መጋቢት 27 ቀን የመጀመሪያው ሞት ተሰማ። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 30፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጣ፤ ሚያዝያ 2 ቀን ፓርላማው አጸደቀው። አዋጅ ቁጥር 3/2012 ይባላል።

አዋጁ ራሱ አጭር ነበር። ምን እንደሚከለከል፣ የትኛው መብት እንደሚገደብ ዝርዝሩን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ትቶታል። ፓርላማው ያጸደቀው፣ ከእንግዲህ ወዲህ ምክር ቤቱ የሚከለክለውን ነገር ነው ማለት ነው፤ ባዶ ቼክ ላይ እንደመፈረም። ዝርዝሩ በደንብ ቁጥር 466/2012 መጣ። እጅ መጨባበጥ፣ ያለ ማስክ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቦታ መገኘት፣ ታክሲን ከግማሽ በላይ መጫን፣ ስለ በሽታው ሕዝብን የሚያሸብር ወሬ መንዛት ክልክል ሆነ። ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት፣ ወይም ከ1 ሺህ እስከ 200 ሺህ ብር መቀጮ። ከ1 ሺህ እስከ 200 ሺህ! በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ሜዳ እጅግ ሰፊ ነው፤ አንድ ሊስትሮና አንድ አስመጪ ጎን ለጎን ሊሄዱበት ይችላሉ። የትኛው ጫፍ ላይ እንደምትቆም የሚወስነው ያገኘህ ሰው ነው።

የስብሰባ ልክ በአራት ሰው ተቆጠረ። ሰፈራችን ውስጥ ይኼ ቁጥር የደረሰበት የመጀመሪያው ቦታ ቡና ነው። ሦስት ሴቶች ረከቦቱን ከብበው ተቀምጠው፣ አራተኛዋ ስኒዋን ይዛ በር ላይ ቆማ፣ "እኔ ስብሰባው ላይ የለሁበትም፤ አላፊ ነኝ" ትላለች። ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ድረስ አላፊ ናት። ለቅሶ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። ድንኳን ሳይጣል፣ እድር ሳይሰበሰብ፣ እዝን ሳይበላ ሰው የተቀበረበት ወቅት ነው። ሚያዝያ 11 የዋለውን ፋሲካ ሕዝቡ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየተከታተለ ቤቱ ዋለ፤ ረመዳንም መስጊድ በተዘጋበት ገባ። ይኼን ሁሉ ሕዝቡ ፖሊስ ቆሞበት ብቻ አላደረገውም። አብዛኛው ፈርቶ፣ አስቦ፣ ለእናቱ ሠግቶ አድርጎታል። የዚያን ጊዜ አለመተማመን ሲወራ ይኼ ይዘለላል።

ታክሲው ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። ግማሽ ሰው ይጫን ሲባል ታሪፉ እጥፍ ሆነ፤ ሰውም አጉረመረመ እንጂ ከፈለ። ሳምንታት ሲያልፉ ግን በሁለት ሰው ወንበር ላይ ለብቻህ ተቀምጠህ እጥፍ እንደከፈልክ፣ ፌርማታው ላይ ሌላ ሰው አጠገብህ ይገባል። ታሪፉ እጥፍ እንደሆነ ይቀራል፤ የቀነሰው ወንበር ተመልሷል። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ረዳቱ በሹክሹክታ፣ "ጎንበስ፣ ጎንበስ በሉ!" ይላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባጅ ያንጠለጠሉት ጎልማሳ፣ ነጠላ ያጣፉት እናት፣ ደብተር የያዘችው ልጅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጎንበስ ይላሉ፤ ጉልበታቸው ላይ ፊታቸውን ደፍተው አንዱ በሌላው አንገት ላይ ይተነፍሳሉ። ከፖሊሱ ለመሸሸግ በሽታው የሚወደውን አቀማመጥ ይቀመጣሉ። ፖሊሱ ሲታለፍ ቀና ይሉና ይሳሳቃሉ። "ይኼ መንግሥት ሊጨርሰን ነው" ይላሉ ባለባጁ፤ ራሳቸው የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው።

ማስኩም እንዲሁ። ሊስትሮ ጋ ጫማዬን እያስጠረግሁ የሚያልፈውን ሰው አገጭ አያለሁ። የአዲስ አበባ ሰው ማስክ ማደሪያው አገጩ ነበር። ፖሊስ ሲመጣ አፍንጫ ድረስ ይወጣል፤ ፖሊስ ሲያልፍ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሚያስለው ሰው አጠገብ ሲያልፍ ከአገጩ የሚያነሣው ጥቂት ነው። የጨርቁን ከፍና ዝቅ አይቶ ሕዝቡ ማንን እንደሚፈራ ማወቅ ይቻል ነበር። በግንቦት ወር አዲስ አበባ ውስጥ አዋጁን ተላለፋችሁ ተብለው ከሺህ በላይ ሰዎች ሲያዙ፣ አገጮች ለጥቂት ቀናት ባዶ ሆኑ፤ ከዚያ እንደ ነበረው ቀጠለ። አትጠጋጉ ተብሎ የታወጀን አዋጅ ለማስከበር ሰውን ሰብስቦ አንድ ግቢ ውስጥ ማቆየት ምን ዓይነት ሕክምና እንደሆነ ያስረዳን የለም።

"እጃችሁን ለ20 ሰከንድ ታጠቡ" የሚለውንም እናስታውስ። በየባንኩና በየካፌው በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ቆመ፣ ጥበቃው የሳሙና ጠርሙስ ይዞ ተሰየመ። ጥሩ ነበር፤ በአጭር ጊዜ እጅ የመታጠብ ልማድ ከተማውን ሲያጥለቀልቅ አይቻለሁ። ከበርሜሉ ትንሽ ራቅ ብሎ ግን ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል። ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰፈር ነው። ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን የሚያስል ሰው፣ በየሰዓቱ እጅህን ታጠብ ሲባል ምክሩን አይጠላም፤ መካሪውን ግን ቀና ብሎ ያየዋል።

በምኖርበት ግቢ የሆነውን ላውጋችሁ። አከራያችንን እትዬ ነው የምንላቸው። ኮሮናን በተመለከተ አቋማቸው ግልጽ ነበር፤ "ይኼ የፖለቲካ በሽታ ነው" ይላሉ። ከተከራዮቹ አንዱ ሆቴል ቤት አስተናጋጅ የነበረ ልጅ ነው። እሱ ደግሞ መንግሥት ሲነሣ ስድብ የማያልቅበት። ሆቴሉ ሲቀዘቅዝ ደሞዙ ቀረ። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ እትዬ በሩን አንኳኩ።

"ልጄ፣ ወሩ አልፏል።"

"እትዬ፣ አዋጁ እኮ ተከራይ ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም ከልክሏል" አለና ስልኩን አውጥቶ ያነብላቸው ጀመር።

"ማን ነው የከለከለ?"

"መንግሥት ነዋ።"

"አንተ የምትሰድበው መንግሥት?"

ልጁ ዝም አለ። እትዬም ዝም አሉ። ከዚያ፣ "ለመሆኑ ቤቱን መንግሥት ነው የሠራልኝ? ግብሩንስ ይከፍልልኛል?" ብለው እያጉረመረሙ ሄዱ። ማታ ጠርተው ቡና አጠጡት፤ ኪራዩንም በየጥቂቱ ተቀበሉት። ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ልጁ አዋጁን ሲያማ አልሰማሁትም፤ እትዬ ደግሞ አዋጁ የሚያበቃበትን ቀን እንደ ጾም ፍቺ ይቆጥሩት ጀመር። በዓመቱ ማብቂያ አምስቱ ወር ሲሞላ መጀመሪያ የነገሩን እሳቸው ናቸው፤ መስከረም ላይም ኪራይ ጨመሩ።

ይኼን ካየሁ ወዲህ "ሕዝቡ አዋጁን አመነ፣ አላመነም" የሚል ክርክር አይዋጥልኝም። ሰው የሚጠቅመውን አንቀጽ ያምናል፣ የሚጎዳውን ይጠራጠራል፤ ይኼ የሰው ባሕርይ ነው። ከዚያ ሥር ግን አከራይም ተከራይም እኩል የሚጋሩት ሌላ ጥርጣሬ አለ። እሱ ያደረው ደንቡ ውስጥ አይደለም። ከደንቡ በፊት የነበረ ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። በ2009ኙ አዋጅ ኢሳትና ኦ.ኤም.ኤን. የሚባሉትን ከውጭ አገር የሚተላለፉ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ማየት እንኳ ተከልክሎ ነበር፤ ዲፕሎማቶች ያለ ፈቃድ ከአዲስ አበባ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቁ ተደርጎ ነበር። አዋጁን የሚያስፈጽመውን፣ ኮማንድ ፖስት የሚባለውን ነገር ያኔ ነው እንደ ጎረቤት ስም የለመድነው። የአዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለው መርማሪ ቦርድ ራሱ ከ26 ሺህ በላይ ሰዎች መታሰራቸውን ለፓርላማ ተናግሯል። አዋጁ ተነሣ ሲባል፣ ዓመት ሳይሞላ በየካቲት 2010 ሌላ መጣ። እሱን ለማጽደቅ ፓርላማው ድምፅ ሲሰጥ አፈ ጉባኤው በመጀመሪያ 346 ድጋፍ አሉ፤ ለሁለት ሦስተኛው ከ350 በላይ ያስፈልግ ነበር። ቆይቶ ቁጥሩ 395 ነው ተብሎ ታረመ። የመቁጠር ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ሰው ይሳሳታል። ነገር ግን ሁልጊዜ ወደሚፈለገው ጎን የሚታረም ስሕተት አድማጩን ማጠራጠር ይጀምራል።

በጤናውም በኩል ትዝታችን ንጹሕ አልነበረም። በ2008ና በ2009 አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ሰው ሲጥል፣ ነገሩ ኮሌራ መሆኑን አፍ ሞልቶ የሚናገር ባለ ሥልጣን አልተገኘም፤ አተት ተብሎ ታለፈ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት ለታማሚ የተነገረ ይመስለን ነበር፤ ለካ ለአስተዳዳሪም ይሠራል። ኮሮናው ሲገባ ምዕራብ ኦሮሚያ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተዘግቶ ነበር። አገር ሁሉ "እጃችሁን ታጠቡ" የሚል የስልክ ጥሪ ሲሰማ የወለጋ ሰው የሚሰማበት ስልክ አልነበረውም፤ የተከፈተው በመጋቢት መጨረሻ ነው። በዚያው በመጋቢት፣ አዋጁ ገና ሳይወጣ፣ መንግሥት 200 ሺህ መቃብር እንዲዘጋጅ አዘዘ ብሎ የዘገበ ጋዜጠኛ ታሰረ። ጤና ሚኒስቴር ወሬው ሐሰት ነው አለ። ሐሰትም ቢሆን፣ ሐሰትን በማስተባበያ መመለስና በካቴና መመለስ ሁለት የተለያየ ነገር ናቸው። ማስተባበያው ሰው ያረጋጋል። ካቴናው "ይኼ ነገር እውነት ሳይኖረው አይቀርም" ያሰኛል። ያን ሳምንት ሰፈራችን ውስጥ ስለ ቫይረሱ የሚያወራው ቀንሶ ስለ መቃብሩ የሚያወራው በዛ። በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔቱ አገር አቀፍ ሆኖ ለሦስት ሳምንት ገደማ ጠፋ፤ በሽታው ግን እየተስፋፋ ነበር።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ፤ ትልቁ ጥርጣሬ እዚያ ነውና። የፓርላማው ዘመን መስከረም 25 ቀን 2013 ያልቅ ነበር። ምርጫው ደግሞ በበሽታው ተራዝሟል። ሕገ መንግሥቱ ወረርሽኝ ምርጫ ሲያስቀር ማን ይገዛል የሚለውን አላሰበበትም። ፓርላማ መበተን፣ አስቸኳይ ጊዜ ማወጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል፣ ወይም ትርጉም መጠየቅ የሚሉ አራት መንገዶች ቀረቡ፤ ትርጉም መጠየቅ ተመረጠ። የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ምሁራንን ጠርቶ በቴሌቪዥን ቀጥታ ሲያከራክር ብዙ ሰው በጉጉት አየ። እኔም አይቻለሁ፤ ለአንድ ሰሞን ቡና ቤቱ ሁሉ አንቀጽ ጠቃሽ ሆኖ ነበር። ሰኔ 1 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ኬሪያ ኢብራሂም አካሄዱን ተቃውመው ሥልጣን ለቀቁ፤ ሰኔ 3 ቀን ምክር ቤቱ ወሰነ። በሽታው ለሕዝብ ጤና ስጋት አለመሆኑ ሲረጋገጥ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ምርጫ ይደረጋል፤ እስከዚያ ያሉት ይቀጥላሉ።

"አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ!" አለ አንዱ ተቃዋሚ ወዳጄ። ሌላው የመንግሥት ደጋፊ ወዳጄ ደግሞ፣ "ሰው እያለቀ ምርጫ ይደረግ ትላለህ?" አለው። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ክፋቱ እሱ ነው። በሽታው እውነተኛ ነበር፤ ለገዢም እውነተኛ ምክንያት ሰጥቶታል። ምክንያቱ እውነተኛ ሲሆን ጥርጣሬው የባሰ ይጠነክራል፤ ውሸት ቢሆን እኮ ተነቅቶበት ያበቃ ነበር። ትግራይ ክልል ከፌዴራሉ ቀድሞ የራሱን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጀ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን ግን የራሱን ምርጫ አደረገ። ፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ምርጫውን ውድቅ ነው አለ፤ ክልሉም ከመስከረም 25 በኋላ የፌዴራሉን መንግሥት አላውቅም አለ። ከምርጫው በኋላ በሁለት ወር ውስጥ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጦርነቱ ሥሩ ብዙ ነው፤ ያ ያልተስማማንበት የቀን ቆጠራ ግን ከሥሮቹ አንዱ ነው።

ይኼ የእኛ ብቻ ጣጣ አልነበረም። ሃንጋሪ በመጋቢት 2012 ለጠቅላይ ሚኒስትሯ ማብቂያው ያልተጻፈ ሥልጣን ሰጥታ አውሮፓ ጮኾባት ነበር። ኬንያ የሰዓት እላፊዋን በጀመረችበት ዕለት ፖሊስ ሞምባሳ ጀልባ ለመሳፈር በተሰለፈ ሕዝብ ላይ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። እንግሊዝን ያኔ ይገዛ የነበረው ቦሪስ ጆንሰን ሕዝቡን ቤት ዘግቶበት ሳለ ቢሮው ውስጥ በተደረገ የልደት ግብዣ ተገኝቶ ኋላ በፖሊስ ተቀጥቷል። እዚህ ጋ ነው ልዩነቱ፤ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" የሚል ተረት ባለው አገር፣ አዋጅ አውጪ በራሱ አዋጅ ሲቀጣ ያየ የለም።

እንዲህ ስል ግን "በሽታ የለም" ከሚሉት ጋር የቆምሁ እንዳይመስላችሁ። አቅም ያለው መንግሥት ሳይኖር ወረርሽኝ ምን እንደሚሠራም ይህች ከተማ አይታለች። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የተስፋፋው፣ የኅዳር በሽታ የሚባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ከ9 እስከ 10 ሺህ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተኝተው ነበር። የሚያዝ ቀርቶ የሚቀብር ጠፋ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው፣ ከተማዋን በጭስ የምናፍናት ያን እያሰብን ነው። በ2012ም ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ሌት ተቀን የቆሙ ነርሶች፣ ሚሊኒየም አዳራሽን ሕክምና ማዕከል ያደረጉ ባለሙያዎች ነበሩ። ያለ ሥልጣን፣ ያለ ትእዛዝ፣ ያለ ገንዘብ ይኼ አይሆንም። ማመን ቀብሮ ነው የሚለውን ተረት ቃል በቃል የፈጸሙም ነበሩ፤ እትዬ "የፖለቲካ በሽታ" ማለት ያቆሙት የገዛ ወንድማቸውን ከቀበሩ በኋላ ነው። አለማመን ዋጋ አለው፤ የሚከፍለውም ሁልጊዜ መንግሥት አይደለም።

ታዲያ የማያምን ሰው እንዴት ያምናል? መልሱን ሳላስበው ያሳየችኝ የያኔዋ የጤና ሚኒስትር የዶክተር ሊያ ታደሰ የየዕለት ሪፖርት ናት። "ባለፉት 24 ሰዓታት" ብላ ትጀምር ነበር፤ ይኼን ያህል ሰው ተመረመረ፣ ይኼን ያህል ተያዘ፣ አገገመ፣ ሞተ። መጀመሪያ ሰሞን "ቁጥሩን ቀንሰውታል"፣ "ኧረ ጨምረውታል" ይባል ነበር። ወራት ሲያልፉ ግን መንግሥትን አምርረው የሚጠሉት ሰዎች ሳይቀሩ ሪፖርቷ ስትዘገይ "ዛሬ ምነው ቀረች?" ማለት ጀመሩ። ማንም አልሰበካቸውም። ቁጥሩ በየቀኑ በሰዓቱ ስለመጣ፣ ክፉም ሲሆን ስለመጣ ነው። ለታሰረው ሰው ግን እንዲህ ያለ የዕለት ሪፖርት አልነበረም። የታመመው ይቆጠራል፤ የታሰረው "ከሺህ በላይ" ነው።

ሕገ መንግሥቱ ግን ይኼን አስቦበት ነበር። አንቀጽ 93ን ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ይደንቀዋል። አንደኛው፣ በአስቸኳይ ጊዜም የማይነኩ መብቶች ሲዘረዘሩ የአገሪቱ ስያሜ፣ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ፣ እኩልነትና የብሔሮች መብት እስከ መገንጠል ድረስ ተጠቅሰዋል፤ በሕይወት የመኖር መብት ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አገራችን የተቀበለችው ዓለም አቀፍ ስምምነት በማናቸውም ጊዜ አይነካም ያለው መብት፣ በእኛ የአስቸኳይ ጊዜ አንቀጽ ላይ ተዘልሏል። ሁለተኛው የሚያጽናና ነው። ፓርላማው አዋጅ ሲያጸድቅ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ያቋቁማል፤ የቦርዱም የመጀመሪያ ሥራ በንዑስ አንቀጽ 6 እንደተጻፈው፣ የታሰሩትን ሰዎች ሁሉ ስም ከታሰሩበት ምክንያት ጋር በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ነው። ድምር ብቻ አይበቃም፤ ስምና ምክንያት ይፈልጋል። የ2012 አዋጅ አምስት ወር ቆይቷል። ቀበሌያችን ሰሌዳ ላይ የማስክ ማስታወቂያ፣ የግብር ማስታወቂያ፣ የጠፋ ላም ማስታወቂያ ሳይቀር ተለጥፎ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ የስም ዝርዝር አላየሁም።

እድራችን የዕቃ ኃላፊ አለው። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሰሃን ቆጥሮ ይሰጣል፣ ያስፈርማል። በሦስተኛው ቀን ቆጥሮ ይቀበላል። ሦስት ሰሃን ከጎደለ፣ ባለቤቱ ገና ከሐዘን ባይወጣም፣ "ሦስት ሰሃን ጎድሏል" ይላል። በዚህ የተቀየመ ለቀስተኛ አላውቅም። "አላመኑኝም" ብሎ ያኮረፈ የለም። እንዲያውም እድሩ ሃምሳ ዓመት የቆየው በዚህ ነው፤ ድንኳኑ የጋራ መሆኑን ሁሉም የሚያውቀው ስለሚቆጠር ነው። የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣንም የጋራ ዕቃ ነው፤ ለክፉ ቀን እንዋሰዋለን፣ ክፉው ቀን ሲያልፍ ይመለሳል። እኛ አገር ግን ሲወጣ በነጋሪት ነው፣ ሲመለስ ማንም አይቆጥረውም። የአምስት ወሩ አዋጅ ሲያበቃ ከክልከላዎቹ ብዙዎቹ በጤና መመሪያ በኩል ተመልሰው መጡ፤ መጨባበጥ እንደገና ክልክል ሆነ፤ አዋጁ ይኑር ይሙት የሚያውቅ ሰው ጠፋ። በ2014 በጦርነቱ፣ በ2015 በአማራ ክልል ሌሎች አዋጆች ተከተሉ። የኋለኛው ለስድስት ወር ወጥቶ አራት ወር ተጨመረበት።

በየካቲት 2013 ክትባት ሲመጣ እምቢ ያሉ ጎረቤቶቼን አላዋቂ ናቸው ብዬ ላልፋቸው አልችልም። ክትባቱን አላጠኑትም፤ ሰጪውን ግን ለረጅም ጊዜ አጥንተውታል። ጥርጣሬያቸው ክትባቱ ላይ ሲያርፍ ጎድቷቸዋል፤ አዋጁ ላይ ሲያርፍ ግን አስተዋይነት ነበር። ሁለቱን እንዲለዩ የሚረዳቸው ሰባኪ አይደለም፤ የተቆጠረ ነገር ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የሚቀጥለው ወረርሽኝ መምጣቱ አይቀርም፤ አዋጁም አብሮት ይመጣል። በሽታውን ናቁት አልልም፣ መንግሥትንም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እመኑ አልልም። አንቀጽ 93ን አውጥታችሁ አንብቡ፤ ረጅም አይደለም። አዋጁ በወጣ በሠላሳኛው ቀን የእናንተን የፓርላማ ተወካይ አግኙና "የስም ዝርዝሩ የት አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። የለም ካላችሁ መጠራጠራችሁ ልክ ነው። ካሳያችሁ ግን እናንተም ማስኩን ከአገጫችሁ ላይ አንሡት።